ከኖራ ድንጋይ እስከ ኮንክሪት፤ የሲሚንቶ አሠራርና የዱከም ግንባታዎች

(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)




ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን ስሟ ይነሣ የነበረው በአድአ ጤፍ፣ በባቡር ጣቢያዋና መንገደኛው ቁርጥ ሥጋ ለመብላት በሚቆምባቸው ምግብ ቤቶቿ ነበር። ከ2007 ገደማ ጀምሮ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሲቋቋምባት፣ በ2014 ደግሞ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በአጠገቧ ሲከፈት፣ የጤፍ ማሳ የነበረው ሜዳ በፋብሪካ አዳራሽ፣ በመጋዘንና በፎቅ ቤት እየተተካ ሄደ። በዞኑ ውስጥ ቀድመው ከተቋቋሙት ፋብሪካዎች አንዱም የሲሚንቶ ፋብሪካ ነበር።

በዚህ ሁሉ ግንባታ መካከል ከግንበኛውም፣ ከፎርማኑም፣ ከባለ ቤቱም አፍ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም ‹‹ፖዞላና የገባበት ሲሚንቶ ለልስን እንጂ ለዓምድ አይሆንም፤ አፈር ተጨምሮበታል›› የሚለው ነው። ሶሌታ ሲሰነጠቅ፣ ዓምድ ሲፈረፈር ጥፋቱ በሲሚንቶው ከረጢት ላይ ይጣላል። ፍርዱ እውነት ከሆነ የሚደረገው ቀላል ነው፤ ሌላ ሲሚንቶ መግዛት ይበቃል። ስሕተት ከሆነ ግን ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባለ ቤቱ ያለ አግባብ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ጥፋት ሳይታወቅ ቀርቶ በሚቀጥለው ሶሌታ ላይ ይደገማል፤ በሶሌታው ሥር ደግሞ ሰው ይኖራል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ዓላማ ሲሚንቶ ከምን እንደሚሠራና ኮንክሪት በምን እንደሚጸና አስረድቶ፣ ጥፋቱ የከረጢቱ ነው ወይስ የአያያዙ ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

1. የኖራ ድንጋይ በሌለበት መሬት

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲለወስ የሚጠነክር፣ አሸዋንና ጠጠርንም አያይዞ እንደ አንድ ድንጋይ የሚያደርግ ዱቄት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚባለው ሲሆን፣ ስሙን የሰጠው በ1824 ለግኝቱ የባለቤትነት ፈቃድ የወሰደው እንግሊዛዊው ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን ነው። ስሙን ያገኘውም የጠነከረው ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር በፖርትላንድ ከሚፈለጠው የግንብ ድንጋይ ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

ዋናው ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነው። ከጥሬው ድብልቅ 80 በመቶ ያህሉ እርሱ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ሸክላ አፈር ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱም ጥቂት አሸዋና ብረት ያዘለ አፈር ይጨመራል። በዱከም ዙሪያ ግን ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ የለም። ከየረር ተራራ ጀምሮ እስከ ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ድረስ ያለው መሬት ባዛልት፣ ስኮሪያ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ዋልካ አፈር ነው። የኖራ ድንጋዩ የሚገኘው ወንዞች የላይኛውን ባዛልት ቆርጠው ወደ ታች በወረዱባቸው በሙገርና በዓባይ ሸለቆዎች፣ እንዲሁም በመቀሌና በድሬዳዋ አካባቢ ነው። ይህ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር አገሩን ሸፍኖ ሳለ የተነጠፈ ነው።

የአገሪቱ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ታሪክም በአብዛኛው ይህንኑ ድንጋይ የተከተለ ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በድሬዳዋ ተሠራ። በ1960ዎቹ የአዲስ አበባና የምጽዋ ፋብሪካዎች ተከተሉ። በ1984 ሙገር ሥራ ጀመረ፤ በ2000 ገደማ በመቀሌ መሰቦ፣ ከዚያም ደርባና ሌሎችም ተተከሉ፤ በ2024 ደግሞ በሰሜን ሸዋ የለሚ ፋብሪካ ተመረቀ። እንግዲህ በዱከም የሚፈሰው ኮንክሪት ማሰሪያው ከሩቅ የመጣ፣ አሸዋውና ጠጠሩ ግን የአካባቢው ነው።

2. ድንጋዩ በምድጃው ውስጥ

የኖራ ድንጋዩ በድማሚት ተፈልጦ ከወጣ በኋላ ይሰበራል፤ ከሸክላው ጋር ተመጥኖም እንደ ዱቄት ይፈጫል። በቀድሞው የእርጥብ ዘዴ ድብልቁ በውሃ ተበጥብጦ ወደ ምድጃው ይገባ ስለነበረ፣ ያንን ውሃ አትንኖ ለማስወገድ ብቻ ብዙ ነዳጅ ይባክን ነበር። በደረቁ ዘዴ ግን ዱቄቱ ከምድጃው በሚወጣው የጋለ ጋዝ አስቀድሞ ይሞቃል። በዚህም ምክንያት ለአንድ ኪሎ ክሊንከር የሚያስፈልገው ሙቀት ከ1,300 ኪሎ ካሎሪ በላይ የነበረው ወደ 800 ኪሎ ካሎሪ ያህል ወርዷል።

ሙቀቱ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የኖራ ድንጋዩ ይፈርሳል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ 56 ኪሎው የተቃጠለ ኖራ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ድብልቁ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ በዝግታ በሚሽከረከረው ረጅም የብረት ምድጃ ውስጥ ያልፋል። በ1,450 ዲግሪ ኖራው ከሸክላው ሲሊካ፣ አሉሚናና ብረት ጋር ይዋሃዳል፤ ከፊሉ ቀልጦ፣ ከፊሉ ጠጥሮ ባቄላ ወይም ለውዝ የሚያህል ጥቁር ግራጫ እንክብል ይሆናል። ክሊንከር የሚባለው ይህ ነው። ክሊንከሩ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ከተደረገ በኋላ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ጀሶ ተጨምሮበት ይፈጫል። ጀሶው ባይጨመር ኖሮ ሲሚንቶው ውሃ እንደ ነካው ወዲያውኑ እየጨበጠ ለሠራተኛው የሥራ ጊዜ አይሰጥም ነበር።

ክሊንከር ውስጥ ካሉት 4 ዋና ዋና ማዕድኖች ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። ትራይካልሲየም ሲሊኬት ፈጥኖ ስለሚሠራ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጥንካሬ የሚሰጠው እርሱ ነው። ዳይካልሲየም ሲሊኬት ዝግተኛ ስለሆነ ሥራው የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ሁለቱም ከውሃ ጋር ሲዋሃዱ እንደ ሙጫ የሚያያዝ አዲስ ውሕድ ይፈጥራሉ፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ለጥንካሬ ብዙም የማይረዳ ትርፍ ኖራ ከውስጣቸው ይወጣል። ፖዞላና የሚጠቅመው በዚህ ትርፍ ኖራ ምክንያት ነው።

3. የእሳተ ገሞራው ድርሻ

ፖዞላና አዲስ ነገር አይደለም። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት በፊት በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ ላይ ካለችው ከፖዙዎሊ ከተማ የሚወጣውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ለውሰው ወደብና ሕንፃ ይሠሩበት ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያች ከተማ ነው። በሮም ከተማ በ2ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የፓንቴዎን ጉልላት 43 ሜትር ስፋት ያለው፣ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ሲሆን፣ ክብደቱ እንዲቀንስ ሲባል በላይኛው ክፍል ቀላሉ የፑሚስ ድንጋይ ገብቶበታል። ዛሬም ቆሟል።

በሞጆና በአዳማ አካባቢ፣ በአጠቃላይም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚገኘው ፑሚስ ከዚሁ ወገን ነው። ፑሚስ ብቻውን በውሃ ቢለወስ አይጠነክርም። ነገር ግን በውስጡ ያለው፣ ባሕርይው እንደ ብርጭቆ የሆነው ሲሊካ በደንብ ሲደቅ ከክሊንከሩ የወጣውን ትርፍ ኖራ ይዞ የሚያያዝ ውሕድ ያደርገዋል። ክሊንከሩ የጣለውን አንሥቶ ወደ ጥንካሬ ይለውጠዋል ማለት ነው። በዚህም ሂደት የኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚደፈኑ ውሃና ጨው በቀላሉ አያልፉበትም። አፈር ግን ይህን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ‹‹አፈር ተጨምሮበታል›› የሚለው አነጋገር በደረጃው መሠረት ለተመረተ ሲሚንቶ ትክክል አይደለም።

በገበያ የሚገኙት ሲሚንቶዎች በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ። አንደኛው ከሞላ ጎደል ክሊንከርና ጀሶ ብቻ የሆነው ኦ.ፒ.ሲ.፣ ሁለተኛው ፖዞላና የተቀላቀለበት ፒ.ፒ.ሲ. ነው። በፒ.ፒ.ሲ. ውስጥ የፖዞላናው ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። በከረጢቱ ላይ የሚጻፉት 32.5 እና 42.5 የሚሉት ቁጥሮች ደግሞ በደረጃው መሠረት የተዘጋጀ የሙከራ ናሙና በ28 ቀኑ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ ስንት ኒውተን እንደሚሸከም ያመለክታሉ። ገዢው ሊያነብ የሚገባው እንግዲህ የፋብሪካውን ስም ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንና ይህንን ቁጥር ጭምር ነው።

የፖዞላናው ጥቅም ለፋብሪካው ብቻ አይደለም። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት 850 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። በአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ውስጥ 30 ኪሎው ፖዞላና ሲሆን የ30 ኪሎ ክሊንከር ድንጋይ፣ ነዳጅና ጭስ ይድናል። ተፈጥሮ ፑሚሱን በእሳተ ገሞራ አስቀድማ ስላቃጠለችው ሌላ ምድጃ አያስፈልገውም፤ ማድረቅና መፍጨት ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ግንበኛው የሚናገረው ሁሉ ከንቱ አይደለም። ፖዞላናው ሥራውን የሚጀምረው ክሊንከሩ ኖራውን ካወጣ በኋላ ስለሆነ ጥንካሬው ዘግይቶ ይመጣል። በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ፒ.ፒ.ሲ. ከኦ.ፒ.ሲ. ያነሰ መሸከሙ በላቦራቶሪም የሚታይ ነው። ካሳፎርማው ቶሎ መፈታት ላለበት ሥራ፣ ወይም ከፍ ያለ ጥንካሬ ለተጠየቀበት ዓምድ ኦ.ፒ.ሲ. 42.5 መምረጥ ተገቢ ነው። የሚዘገየውን ሲሚንቶ ደካማ ነው ብሎ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

4. አሸዋና ጠጠር

ሲሚንቶ በኮንክሪት ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ነው። ከኮንክሪቱ ይዘት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አሸዋና ጠጠር ነው። ስለዚህ ከአካባቢው የሚመጣው ማቴሪያል ከሩቅ ከመጣው ሲሚንቶ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው አይደለም።

ለጠጠር በዱከምና በአካባቢዋ የታደለው ድንጋይ ባዛልት ነው። ያልበሰበሰ፣ ቀዳዳ ያልበዛበት ባዛልት ተሰብሮና በመጠን ተለይቶ ሲቀርብ ለዓምድም ለሶሌታም እጅግ ጥሩ ነው። በየኮረብታው የሚዛቀው፣ ሠራተኛው ‹‹ሬድ አሽ›› የሚለው ቀይ ስኮሪያ ግን ቀዳዳማና ቀላል በመሆኑ ለመንገድ ሙሊትና ለብሎኬት ይስማማል እንጂ የባዛልትን ቦታ ወስዶ ጭነት በሚሸከም ዓምድ ውስጥ መግባት የለበትም። ደረቅ ሆኖ ሲገባም ብዙ ውሃ ስለሚመጥ የተለካውን ውሃ ያዛባል።

አሸዋ የሚመጣው ከአዋሽ ወንዝ ዳርቻ፣ ከሞጆ፣ ከመቂና ከላንጋኖ አካባቢ ነው። የአሸዋ ትልቁ ጠላት ደለል ነው፤ ደለሉ እያንዳንዱን የአሸዋ ቅንጣት እንደ ልብስ ስለሚሸፍነው ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር አይያያዝም። በአገሪቱ አሠራር ደለሉ ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ለዚህ መመዘኛ የሚያስፈልገው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። አሸዋው እስከ ግማሽ ድረስ ይጨመራል፤ ጥቂት ጨው የገባበት ውሃ ይሞላበታል፤ በደንብ ተንጦ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል። ከአሸዋው በላይ የሚያርፈው የደለል ንጣፍ በማስመሪያ ተለክቶ ከአሸዋው ከፍታ ጋር ይነጻጸራል። የጭነት መኪናው ሳይራገፍ የመጀመሪያውን ግምት ለማግኘት አንድ እፍኝ እርጥብ አሸዋ በእጅ አሽቶ መዳፍ ላይ የሚቀረውን ጭቃ ማየትም ይረዳል።

በስምጥ ሸለቆው አሸዋና ጠጠር ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በ1940 አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ስታንተን በካሊፎርኒያ መንገዶችና ድልድዮች ላይ የታየውን መሰነጣጠቅ ሲመረምር፣ በአንዳንድ ድንጋዮች ውስጥ ያለው ሲሊካ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተዋሕዶ እንደሚያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ እንደሚሰነጥቀው አስረዳ። ባልጩትና የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ያለባቸው ድንጋዮች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ ጉዳቱም ከብዙ ዓመታት በኋላ እንጂ ወዲያው አይታይም። የሚያስደንቀው ግን መድኃኒቱ ከዚያው ከእሳተ ገሞራው መገኘቱ ነው። ያ ብርጭቆ በጠጠር መጠን ሲገባ ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሲሚንቶ ደቆ ሲቀላቀል ግን አልካሊውን አስቀድሞ ስለሚይዘው ጠጠሩን ይጠብቃል። በዚህ አገር ጠጠር ለሚሠራ ሰው ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ተጨማሪ ዋስትና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

5. ውሃ

ዱፍ አብራምስ የተባለው አሜሪካዊ በ1918 ባወጣው የምርምር ውጤት፣ በአግባቡ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ጥንካሬ የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በውሃውና በሲሚንቶው መካከል ባለው መጠን እንደ ሆነ አሳየ። ሲሚንቶ በኬሚካዊ መንገድ የሚይዘው ውሃ የክብደቱን ሩብ ያህል ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ድብልቁ እንዲላወስና ካሳፎርማውን እንዲሞላ ነው፤ በኋላ ሲተን በቦታው የሚቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይቻላል። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 7 ከረጢት፣ ማለትም 350 ኪሎ ሲሚንቶ ገባ እንበል። መሐንዲሱ 175 ሊትር ውሃ ቢያዝ መጠኑ 0.50 ነው። ነገር ግን 700 ኪሎ የሚሆነው አሸዋ ከዝናብ በኋላ የመጣ ሆኖ 5 በመቶ እርጥበት ቢይዝ፣ ማንም ሳያየው 35 ሊትር ውሃ ይዞ ገብቷል። ይህ ካልተቀነሰ ውሃው 210 ሊትር፣ መጠኑም 0.60 ይሆናል። በዚህ ላይ ባሬላ የሚሸከመው ሠራተኛ ‹‹ወፈረ›› ሲል ለየከረጢቱ 5 ሊትር ብቻ ቢጨመርለት ውሃው 245 ሊትር፣ መጠኑ 0.70 ይደርሳል። ከ0.50 ወደ 0.70 የሄደ ኮንክሪት ከጥንካሬው ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የከረጢቱ ብዛት አልተለወጠም፤ የሲሚንቶውም ዓይነት አልተለወጠም። ፍርዱ ግን በሲሚንቶው ላይ ይወድቃል።

የውሃው ንጽሕናም መጠበቅ አለበት። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለኮንክሪት ይሆናል። በቢሾፍቱ አጠገብ እንዳለው እንደ አረንጓዴ ሐይቅ ያለ የሶዳ ውሃ ግን ጨውና አልካሊ ስለሚበዛበት ለኮንክሪት አይሆንም።

6. ከተፈሰሰ በኋላ

ኮንክሪት በመድረቅ አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው ውሃ በውስጡ እስካለ ድረስ ነው። ይህን አለመረዳት ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ያመጣል። በበጋ ወራት በአድአ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስና ጠንካራው ፀሐይ በጠዋት የተፈሰሰውን ሶሌታ ማታ ሳይደርስ ፊቱን ሊያደርቁት ይችላሉ። ክሊንከሩ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሥራውን ጀምሮ ይሆናል፤ ፖዞላናው ግን ገና አልተነካም። ውሃው ቀድሞ ከጠፋ ፖዞላናው እንደ ጀመረበት ይቀራል። ያን ጊዜ በእርግጥም ሥራ ያልሠራ ዱቄት ብቻ ይሆናል፤ የግንበኛውም ፍርድ እውነት ይመስላል።

ስለዚህ ኦ.ፒ.ሲ. የገባበት ኮንክሪት ከ7 ቀን ያላነሰ፣ ፒ.ፒ.ሲ. የገባበት ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳያቋርጥ እርጥብ መሆን አለበት። በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ረጭቶ መሄድ አይበቃም፤ በመካከሉ ሲደርቅ ሥራው ይቆማልና። ዓምዱ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ጆንያው እንዳይደርቅ ይጠበቃል፤ ሶሌታው ዙሪያው በአሸዋ ተገድቦ ውሃ ይተኛበታል፣ ወይም በላስቲክ ይሸፈናል። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ግንባታ ላስቲኩ ከሁሉ ይረክሳል። የካሳፎርማው መፍቻ ቀንም በልማድ ሳይሆን በሲሚንቶው ዓይነትና በናሙናው ውጤት መወሰን ይገባዋል። 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር የሆኑት የሙከራ ኩቦች በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲጨፈለቁ የሚናገሩት ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

አቀማመጡም እንዲሁ ነው። ሲሚንቶ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በከረጢቱ ውስጥ ሳለ መጠንከር ስለሚጀምር ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ እንዲወጣ ሆኖ ይደረደራል። እጥረት ይመጣል ተብሎ ለወራት የተከማቸ ሲሚንቶ ሥራ ላይ ሲውል የመጀመሪያ ኃይሉ ከእርሱ ጋር የለም።

7. መደምደሚያ

በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ደካማ አይደለም፤ ዝግተኛና ውሃ የሚጠይቅ ነው። ፋብሪካው በምድጃው ያተረፈውን እሳት ባለ ሥራው በእርጥበትና በትዕግሥት ይከፍላል። ክፍያው ከተፈጸመ ኮንክሪቱ ውሃ የማያሳልፍ፣ ለስምጥ ሸለቆው ጠጠርም የሚስማማ ይሆናል። ክፍያው ከቀረ ግን ዕዳው በዓምዱና በሶሌታው ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚከፍለውም ያፈሰሰው ሠራተኛ ሳይሆን በኋላ የሚኖርበት ሰው ነው።

ከዱከም በታች በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ከ60 ዓመት በላይ ውሃ ተሸክሞ የቆመ ኮንክሪት ነው። ዛሬ በዱከም የሚሠራው ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ቤትም ዕድሜው ከዚህ እንዲያንስ የሚያስገድድ የማቴሪያል ጉድለት በአካባቢው የለም። ባዛልቱ አለ፤ አሸዋውም ከታጠበ አለ፤ ፖዞላናውም ከደጅ ነው። የማኅበሩ አባላት በየግንባታው የሚያደርጉት ቁጥጥር ከከረጢቱ ላይ ካለው ጽሑፍ ጀምሮ ጠርሙሱን፣ የውሃ መለኪያ ባልዲውንና እርጥቡን ጆንያ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ የተከተለ ከሆነ፣ ከሙገርና ከሌሎቹ ሸለቆዎች በዚያ ሁሉ እሳት ተቃጥሎ የመጣው ድንጋይ በከንቱ አልተቃጠለም ማለት ይቻላል።